የክቡር እንግዳው ወንበር

ከሁሉ በፊት ራሴን ልስደብ፤ ሌሎቹም ተራቸው ይደርሳል። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የትልልቆቹ ክፍል አስተማሪ። ትልልቆቹ ማለት አምስት ዓመት የሞላቸው፣ የግራ ጫማቸውን በቀኝ እግራቸው የሚያደርጉ ሠላሳ አራት ልጆች ናቸው። «ሚስ ቤዛ» ይሉኛል። ዲፕሎማዬን በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬው ነበር። ሳሎኑን የሠራው አባቴ ነው፤ የእሱ ፎቶ ግን በዚያ ግድግዳ ላይ አልነበረም።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጋራዥ ውስጥ ግሪስ ሲቀባ ነው። እጁ በኦሞም በበረኪናም ታጥቦ አይጠራም ነበር። ተማሪ ሳለሁ ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ሲመጣ «የቢሮ ሠራተኛ» ብዬ እሞላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲፈርምልኝ ሰጠሁትና አነበበው። ቀና ብሎ አየኝና ፈረመ። ከጣቱ የወጣ ጥቁር ነገር ወረቀቱ ላይ ቀረ። እኔ የተናደድኩት ወረቀቱ በመቆሸሹ ነበር።

እንግዲህ ለሕፃናት የሠራተኞችን ቀን እንድታስረዳ የተመደበችው ይቺ ናት።

የትምህርት ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ማዳም ነበር የምንላት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማን ይከለክለኛል። ማዳም በዓል ትወዳለች፤ በዓል ሲኖር ፎቶ አለ፣ ፎቶ ሲኖር ደግሞ አዲስ ተመዝጋቢ አለ። የእጅ መታጠብ ቀንን ያከበርነው ውሃ ለዘጠኝ ቀን በጠፋበት ሳምንት ነው። ልጆቹ ደረቅ እጃቸውን እያሻሹ ፎቶ ተነሡ፤ በጣም ያምራል ተባለ።

«ለሜይ ዴይ ትልቅ ፕሮግራም አለን» አለችኝ አንድ ጠዋት። «በዋዜማው፣ ሚያዝያ ሃያ ሁለት። ወላጅ በሙሉ ይመጣል። ክቡር እንግዳችን አቶ ደምሴ ናቸው።»

አቶ ደምሴ የብስኩት ፋብሪካ አለው። ለትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። በሚያዝያ ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። መብራት ሲጠፋ የጣሪያው ማራገቢያ ይቆማል፤ ማራገቢያው ሲቆም ከምሳ በኋላ የሚተኙት ልጆች እንደ ዳቦ ይጋገራሉ። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን አልክድም።

«ልጆቹ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ይግባቸው» አለች ማዳም። «ደስ የሚል ነገር ይሁን። ድካም ምናምን እንዳታስገቢበት። መጨረሻ ላይ የአበባ ጉንጉን ለታላቁ ሠራተኛ ያጠልቁላቸዋል።»

«ታላቁ ሠራተኛ ማን ናቸው?» አልኩ።

«አቶ ደምሴ ናቸዋ» አለች፤ እንደ ደንቆሮ እያየችኝ።

በዚያው ቀን ልጆቹን ምንጣፉ ላይ በክብ አስቀምጬ «ሠራተኛ ማለት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ እጁን አወጣ። «እማዬ የምትቆጣት» አለ። ሌላው፣ አባቱ ጠዋት ሥራ እንደሚሄድና ከምሳ በኋላ ጫት እንደሚቅም ነገረን። መቃምም ሥራ ነው ወይ አልኩት። «አባቴ ሥራ ነው ይላል» አለኝ። ድሬ ውስጥ ይህን ክርክር ያሸነፈ አስተማሪ ስለሌለ አለፍኩት።

ከዚያ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ነገርኳቸው። «ሠራተኛ ማለት ለእኛ ብሎ የሚደክም ሰው ነው። በሠራተኞች ቀን እሱ ያርፋል። እኛ ደግሞ ስለ ደከምክልን እናመሰግናለን እንለዋለን።» ድካም አታስገቢ ተብዬ ነበር፤ ግን ያለ ድካም ሠራተኛን ማስረዳት አልቻልኩም።

ሃያት እጇን አወጣች። ሃያት ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የሰማችውን ነገር ሁሉ እንደ አባቷ ሚዛን ላይ ሳታስቀምጥ አትቀበልም። «ካረፈ በኋላስ?» አለች።

«ካረፈ በኋላ ምን?»

«ማን ይሠራል?»

«በማግስቱ እሱ ራሱ ይመለሳል» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሃያት እሺ ካለች ነገሩ ተመዝግቧል ማለት ነው።

ልምምዱ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሆነ። ማዳም ከቢሮዋ ሰማያዊውን ባለ ከፈይ ወንበር አስወጣች፤ ክቡር እንግዳው የሚቀመጥበት እሱ ነው። ልጆቹ በሰልፍ፣ አንዱ የፊተኛውን ትከሻ ይዞ፣ ሃያት ከፊት ሆና ጉንጉኑን ይዛ ይሄዳሉ፤ ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ሃያት ጉንጉኑን ታጠልቃለች፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ስለ ደከሙልን እናመሰግናለን» ይላሉ፤ ያጨበጭባሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገር ግን ወንበሩ ባዶ ሲሆን አልሆነላቸውም። ሃያት ጉንጉኑን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለችውና «ሰውየው የታል?» አለች። ሰው ያስፈልግ ነበር።

ዞር ስል አዴ ሀሊማ ባልዲ ይዛ ስታልፍ አየኋት።

አዴ ሀሊማ የትምህርት ቤቱ ሞግዚት ናት፤ ድሬ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን «አዴ» ነው የምንለው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ሰማያዊ ጋውኗ ከወገቧ በታች ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሴት። ሽንት ቤት ታደርሳለች፣ ምሳ ታጎርሳለች፣ ትውከት ትጠርጋለች፣ ፍራሽ ታነጥፋለች፤ መብራት ሲጠፋ በካርቶን ታራግባለች። ስንት ዓመት እንደሠራች አላውቅም ነበር። ጠይቄያት አላውቅማ።

«አዴ፣ ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ» አልኳት።

«ወላሂ ቲቸር፣ ውሃ ከፍቼ ነው የመጣሁ። በርሜሉ ሳይሞላ ይሄድብኛል።»

«አምስት ደቂቃ ነው፤ ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው።»

እጇን ጋውኗ ላይ ጠርጋ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ልጆቹ በሰልፍ መጡ። ሃያት ጉንጉኑን አጠለቀችላት። ሠላሳ አራት ድምፅ «ስለ ደከሙልን እናመሰግናለን» አለ። አዴ ሀሊማ ወዴት እንደምታይ ጠፋት፤ መጨረሻ ላይ ጫማዋን አየች።

ስድስት ቀን እንዲህ ተለማመድን። በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች። በአራተኛው፣ ሃያት እንድትደርስላት ራሷ አንገቷን ዝቅ ማድረግ ለመደች። በአምስተኛው ቀን ዓይኗን ጨፍና አገኘኋትና ሳቄ መጣ።

«አዴ፣ ለመድሽው እኮ። ኋላ አቶ ደምሴን አላስቀምጥም እንዳትዪ።»

«እሱ ይቀመጥ አቦ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ ድርሻዬን አርፌያለሁ።»

ይህን በአስተማሪዎች ክፍል እየደጋገምኩ ተረኩት። ድምጿን ሁሉ አስመስዬ። በጣም ተሳቀ።

ያላደረግኩት አንድ ነገር አለ። አዴ ሀሊማ በሌላ ሰው ቦታ የተቀመጠች መሆኗን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ማን እንዲህ ዓይነት ነገር ይናገራል፤ ግልጽ ነው ብዬ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ልምምድ የሚባል ነገር የለም። ለእኛ የሚደክም ሰው ይቀመጣል ብያቸዋለሁ፤ የተቀመጠችው ደግሞ አዴ ናት፤ ለእነሱ የምትደክመውም አዴ ናት። በዚህ ውስጥ ምን የሚያጠራጥር ነገር አለ?

ሚያዝያ ሃያ ሁለት ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ሞንታርቦ መጣ። ልጆቹ «ሳድግ የምሆነው» የሚለውን ልብስ ለብሰው መጡ። አሥራ አንድ ዶክተር፣ ሰባት ፓይለት፣ የቀሩት ኢንጂነርና ዳኛ። ከወላጆቹ ግማሹ በባጃጅ ነው የመጡት፤ አንድ ባጃጅ ነጂ የሆነ ልጅ ግን አልነበረም። ሠራተኛ ቢጠፋ ዶክተሮቹን ማን ያመላልሳቸው እንደሆነ አላውቅም።

ማዳም አዴ ሀሊማን ከድንኳኑ በር መለሰቻት። «ዛሬ ወደ ፊት እንዳትወጪ። ጋውንሽ ፎቶ ያበላሻል» ስትላት ሰምቻለሁ። አዴ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ ያኔ ያሰብኩት ማዳም እውነቷን ነው የሚል ነበር።

ክቡር እንግዳው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ደረሰ። የሕፃናቱ ፓውደር በላብ ወደ አንገታቸው ወርዶ ነበር። ማዳም «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ብላ ንግግሯን ጀመረችና የራሷን ድካም ዘረዘረች። አቶ ደምሴም በተራው «እኔ ራሴ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሠራተኞቼ ሁሉ ቀድሜ የምነሣ ሠራተኛ» አለ። ቀድሞ የተነሣ ሰው ለምን እንደዘገየ የጠየቀ የለም። ተጨበጨበ።

ከዚያ ሙዚቃው ተከፈተ፤ እኔ ምልክት ሰጠሁ፤ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሃያት ነጭ የዶክተር ካባዋን ለብሳ፣ ጉንጉኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ እንደተለማመድነው ሰማያዊው ወንበር ፊት ደርሳ ቆመች። አቶ ደምሴ ፈገግ ብሎ አንገቱን ዘለስ አደረገላት።

ሃያት አየችው። በደንብ አየችው።

«ይሄ የአዴ ቦታ ነው» አለች።

ማይኩ ቅርብ ነበር፤ ሞንታርቦው ቃሏን በግቢው ሁሉ አደረሰው። ወላጆች ሳቁ። ማዳም ጥርሷን ገልጣ፣ ዓይኗን ግን እኔ ላይ ተከለች። በእጄ «ስጪው፣ ስጪው» አልኳት። ሃያት ምልክቴን አይታ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«አዴ የት ሄደች?» አለች ለአቶ ደምሴ፤ እሱ ያውቅ ይመስል። መልስ ስታጣ ዞረች። ከኋላዋ ሠላሳ ሦስት ልጅ የፊተኛውን ትከሻ ይዟል፤ ፊተኛዋ ከዞረች ሌላው ይዞራል፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያለማመድኳቸው። ዶክተሩም፣ ፓይለቱም፣ ዳኛውም በክቡር እንግዳው ፊት አልፈው፣ ድንኳኑን ዞረው ወደ ጓሮ ጠፉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓሮ አዞረ። ከሽንት ቤቶቹ በኩል መጀመሪያ የባልዲ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ምን ሆናችሁ?» የሚል የአዴ ሀሊማ ድምፅ። ከዚያ ልጆቹ በአንድ ላይ፣ በልምምድ ጊዜ እንኳ ያን ያህል አስተካክለውት አያውቁም፤

«ስለ ደከሙልን እናመሰግናለን።»

አጨበጨቡ። አቶ ደምሴ አሁንም አንገቱን እንደ ዘለሰ ነበር።

ኋላ ቀና ብሎ ሳቀ፤ ትልቅ ሰው መሆኑን ለማሳየት ከሁሉም በላይ ሳቀ። ኬኩ ሳይቆረስ ግን ስብሰባ አለኝ ብሎ ሄደ። ጄኔሬተሩም ከእሱ ጋር እንደሄደ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ወላጆች ሲወጡ ማዳም ሁለታችንን ቢሮ ጠራችን። አዴ ሀሊማ ጉንጉኑን ከአንገቷ አውጥታ በእጇ ይዛዋለች። ጋውኗ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ልጆቹን ምን ብለሽ ነው ያስጠናሻቸው?» አለቻት ማዳም አዴን።

«እኔ አላስጠናሁም፣ ማዳም።»

«ታዲያ ይሄ የአዴ ቦታ ነው የምትለው ሕፃን ከየት አመጣችው? ወንበሬ ላይ ማን አስቀመጠሽ?»

አዴ ሀሊማ ስሜን አልጠራችም። ወደ እኔ ዞረችና ጠበቀች። አስተያየቷ ልመናም ቁጣም የለበትም፤ እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ። አንድ ቃል በቂ ነበር፤ «እኔ» ማለት።

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። በሰኔ የሚታደሰው ውሌ ትዝ አለኝ። «ልጆች ናቸው ማዳም» አልኩ። «ያዩትን ይለምዳሉ።»

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የእኔ ዝምታ የተኛ ውሻ ያህል ዋጋ አልነበረውም፤ እሱ እንኳ ሲረገጥ ይጮሃል።

«ነገ በዓል ነው» አለች ማዳም ለአዴ። «ከነገ ወዲያም እንዳትመጪ።» በዓሉን አክብራ ማባረሯ ነው።

አዴ ሀሊማ ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በሩ ጋ ስትደርስ «ቧንቧው ክፍት ነው። ዝጉት፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው» ብላ ወጣች።

በማግስቱ የሠራተኞች ቀን ስለሆነ እኔ እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ። ሠራተኛ አይደለሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። በወጣትነቱ ለዚህ በዓል በሰልፍ አስወጥተው ፀሐይ ላይ ሲያቆሟቸው እንደሚውሉ ነገረኝ፤ «ለሠራተኛው ክብር ሲባል ሁለት ሠራተኛ ራሱን ስቶ ወደቀ» ብሎ ሳቀ። እኔም የሃያትን ነገር እንደ ቀልድ አወራሁለት። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ሴትዮዋስ?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ወንበሩ ላይ የተቀመጠችዋ።»

«ደህና ናት» አልኩ።

አየኝ። ያን ቅጽ ሲፈርም ያየኝን ዓይነት ነው። ከዚያ ሬዲዮውን ጮክ አደረገው።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት ማዳም «ሰው እስካገኝ የሀሊማን ነገር አንቺ ያዢው» አለችኝ። ቀላል አድርጌ ነው የተቀበልኩት። ምን አለበት፣ ልጅ መያዝ አይደል።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሁለት ልጆች ሱሪያቸው ላይ ለቀቁት። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱን ሳጎርስ ሌላው የጎረቤቱን ምሳ ዕቃ ይደፋል። የትኛው ልጅ ቲማቲም እንደማይበላ፣ የትኛው ሳይዘፈንለት እንደማይውጥ፣ የትኛዋ እንቁላል ብትበላ ሰውነቷ እንደሚያብጥ አዴ ሀሊማ በቃሏ ታውቅ ነበር፤ የእኔ ዲፕሎማ አያውቅም። ምሳ ሲያልቅ ልብሴ እስከ ወገቤ እርጥብ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ።

ካርቶኑ ሁልጊዜ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። አነሣሁትና በሁለቱ የፍራሽ ረድፎች መካከል ቆሜ ማራገብ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ክንዴ ከትከሻዬ የሚገነጠል መሰለኝ። እሷ በቀን ሁለት ሰዓት ታራግብ ነበር፤ ያውም ቆማ። በዚያ ክፍል ውስጥ የአዋቂ ወንበር እንደሌለ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አዴ በኦሮምኛ «ረፋ፣ ረፋ»፣ ተኙ ተኙ፣ እያለች ስታንጎራጉርላቸው እሰማ ነበርና እኔም ሞከርኩት። አንድም ልጅ አልተኛም።

ሃያት ተነሥታ ተቀመጠች። «ሚስ» አለች። «አዴ ገና እያረፈች ነው?»

«አዎ፣ ተኚ።»

«በማግስቱ ይመለሳል ብለሽ ነበር።»

«ተኚ አልኩሽ።»

«በዓሉ አላለቀም?»

ከየፍራሹ ራሶች ቀና ቀና አሉ። መልሴን የሚጠብቁ ሠላሳ አራት ፊቶች። ማራገቤን አቆምኩ፤ ሃያትም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አበባውን ስለሰጠኋት ነው? እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ። አንዲት ሴት በእኔ ጥፋት ስትባረር የቀን መቁጠሪያ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ጥፋቱን ልትወስድልኝ ነው። «አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ማን እንደሆነ ግን ያኔም አልተናገርኩም። ፈሪ ሰው በአንድ ቀን አይድንም።

ማዳም ጋ መሄድ ሲገባኝ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ ባጃጅ ያዝኩ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ እየጠየቅኩ ቤቷን አገኘሁት። በሯ ላይ ሰፌድ የሚያህሉ ሁለት ሳፋዎች ፊቷ አድርጋ የሰው ልብስ ታጥባለች። ሥራ ከጠፋባት ገና ሁለት ቀኗ ነው፤ ሌላ ሥራ ይዛለች። ቀና ብላ አየችኝና ማጠቧን ቀጠለች።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። እንደበደልኳት፣ ህሊናዬ እንዳላስተኛኝ፣ ይቅር እንድትለኝ። ድምፄ እንኳ ሰለለ፤ ለራሴ አሳዘንኩኝ።

«ጨረስሽ?» አለች።

«አዎ።»

«ወንበሩ ላይ ማን እንዳስቀመጠኝ እኔ አውቃለሁ። የማታውቀው ማዳም ናት። መንገድ ተሳስተሻል፣ ቲቸር።»

«አዴ፣ እኔ እኮ…»

«ኸላስ፣ በቃ። የባጃጁን ሰውዬ ጥሪው፣ ሳይሄድ።» ወደ ፌስታሉ አየች። «ስኳሩን ግን ተይው።»

እንባ ጠብቄ ነበር። እቅፍ ጠብቄ ነበር። እኔ ነበርኩ የምንቃት፤ ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ንቀት ምን እንደሚመስል ከሌላ ሰው ዓይን አየሁት። ሲያንሰኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የማዳምን ቢሮ አንኳኩቼ ገባሁ። 

«አዴ ሀሊማን ወንበርዎ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስድስት ቀን። ልጆቹም አልተሳሳቱም። ያስተማርኳቸውን ነው ያደረጉት።»

ማዳም ብዕሯን አስቀመጠች። «ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈርቼ ነው።»

«አሁን አትፈሪም?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

እንደምትጮህ ገምቼ ነበር። አልጮኸችም፤ አሰበች። ኋላ እንደሰማሁት በፊተኛው ቀን ልጆቻቸው ሳይተኙና ሱሪያቸው ረጥቦ የመጡባቸው ወላጆች ሲደውሉላት ነው ያመሹት። ሞግዚት ፍለጋ ሰው ልካም አላገኘችም ነበር።

«እሷ ትመለስ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ልቀቂልኝ። አስተማሪ በየበሩ ሞልቷል። የጠፋው ሞግዚት ነው።»

ስለ ሥራ ክብር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ከሁሉም እውነት ያለበት ይህ የማዳም ንግግር ነው፤ ዋጋዬን በትክክል ነገረችኝ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ሃያት በመስኮት አየችኝ። «ሚስ፣ አንቺም ልታርፊ ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

አዴ ሀሊማ ማዳም ስትደውልላት ወዲያው አልተመለሰችም። ልጆቹ ሲተኙ የምቀመጥበት ወንበር ካለ እመጣለሁ አለች። ማዳም ሰማያዊውን አልሰጠቻትም፤ ያን ያህል ሰው አልሆነችም። ነጭ ፕላስቲክ ወንበር ግን ተገዛ። ያችን ወንበር ያስገኘችው አዴ ራሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ማንም ምስጋናውን እንዳይሰጠኝ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ የድሮውን ቅጽ ጭምር። «አስታውሰዋለሁ» አለ።  እኔም እንዲጨምር አልጠየቅኩትም።

እኔ ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሂል በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ነኝ። የምናከብርበት ድንኳን የለንም፣ ክቡር እንግዳም አይመጣብንም። ሚያዝያ ሲደርስ ልጆቼን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ማን ምን አደረገላችሁ፣ ስሙስ ማን ይባላል እላቸዋለሁ። ይህን የምታነቡ እናንተም በዓሉን ፌስቡክ ላይ በመዶሻ ሥዕል ከማክበራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ደረጃ የምትወለውለውን ሴት ስም ከነአባቷ ታውቁታላችሁ? የምትቀመጥበትስ አላት? አላውቅም ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም በዲፕሎማ ነው ያላወቅኩት።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለአዴ ሀሊማ እደውላለሁ። ዘንድሮም ደወልኩ።

«አዴ፣ እንኳን አደረሰሽ።»

«ለምኑ?» አለች፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምትለኝ። እኔም ሁልጊዜ ለልጆቹ እንዳስረዳሁት አድርጌ አስረዳታለሁ፤ ሠራተኛ የሚያርፍበት ቀን ነው እላታለሁ። ከወዲያ በኩል የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ነበር።

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት። ልጆቹ የሉ፣ ማዳም ፍራሾቹን እጠቢ ብላኝ።»

 «ቆመሽ ነው የምታጥቢው?» አልኳት።

«አይ» አለች። «ተቀምጬ ነው።»